ናን ዳቦና ግሉተን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ናን በልቶ ሆዱ የተነፋ ሰው ጣቱን የሚቀስረው ግሉተን በሚባለው የስንዴ ፕሮቲን ላይ ነው። አንዳንዴ ልክ ነው። ግን አንድ ናን ውስጥ ሌሎች ተጠርጣሪዎችም አሉ፤ እነሱን ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። እህቴ ግን ሴሊያክ የሚባል፣ ግሉተን ሲበላ አንጀት የሚጎዳበት በሽታ አለባት፤ ወጥ ቤታችንም በዚሁ ምክንያት ለሁለት ከተከፈለ ቆይቷል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁን ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ናን ውስጥ ግሉተን አለ?

አለ፤ ያውም በደንብ። ናን የስንዴ ዳቦ ነው። ቃሉ ከፋርስኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ራሱ ዳቦ ማለት ነው፤ ስለዚህ «ናን ዳቦ» ስንል «ዳቦ ዳቦ» እያልን ነው። በህንድና በፓኪስታን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ማይዳ ከሚባለው፣ በደንብ ከተጣራ ነጭ የስንዴ ዱቄት ነው። እርሾ፣ እርጎ፣ ጨው፣ ትንሽ ስኳር፣ አንዳንዴም ወተት ይገባበታል። ሊጡ ኩፍ ካለ በኋላ ታንዱር በሚባለው የሸክላ ምድጃ የጋለ ግድግዳ ላይ እንደ ጥፊ ይለጠፋል። ሲበስል ቅቤ ይቀባል።

መካከለኛ የሆነ፣ 100 ግራም ገደማ የሚመዝን ናን ብንወስድ፣ ውስጡ ወደ 5 ግራም ግሉተን ይኖራል። ይህን ቁጥር ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አንድ ቀን እህቴ ምግብ ቤት ውስጥ «ይሄ ስንዴ አለው?» ብላ ጠየቀች። አስተናጋጁ በሙሉ ልቡ «ኧረ የለውም፣ ማይዳ ነው» አላት። ሰውየው ሊዋሽ ፈልጎ አይደለም። ማይዳ ስንዴ መሆኑን የነገረው አልነበረም፤ በቃ።

ግሉተን ግን ራሱ ምንድን ነው?

ቤታችሁ ውስጥ በዓይናችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ከስንዴ ዱቄትና ከውሃ ጠንከር ያለ ሊጥ አቡኩና ለግማሽ ሰዓት ተዉት። ከዚያ ቀስ ብሎ በሚወርድ የቧንቧ ውሃ ስር ይዛችሁ እያሻችሁ እጠቡት። መጀመሪያ ወተት የመሰለ ውሃ ይወርዳል፤ እሱ ስታርቹ ነው። ውሃው እየጠራ ሲመጣ እጃችሁ ላይ ግራጫ ቢጤ፣ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ነገር ይቀራል። በአብዛኛው ግሉተን ማለት እሱ ነው። ጣሊያን ውስጥ ያለችው የቦሎኛ ከተማ ምሁር ቤካሪ ይህንኑ ዓይነት ሙከራ በ1745 አሳትሞታል፤ ዛሬም የሚሠራው እንዲሁ ነው።

ይህ ማስቲካ በዋናነት የሁለት ፕሮቲኖች ድር ነው። ግሊያዲን የሚባለው ሊጡን እንዲዘረጋ፣ ግሉተኒን የሚባለው ደግሞ ተመልሶ እንዲሰበሰብ ያደርጉታል። ናን ላይ የሚያብጡት እነዚያ ጠቆር ያሉ ጉብታዎች የሚፈጠሩት ይህ ድር ጋዝና እንፋሎት አፍኖ ስለሚይዝ ነው። ገብስና ራይ የሚባለው እህል ውስጥም የእነዚህ ፕሮቲኖች የቅርብ ዘመዶች አሉ።

የእኛ ሆድ ኢንዛይሞች ግሉተንን ፈጭተው አይጨርሱትም። የማንም ሆድ አይጨርሰውም። ለብዙ ሰው ያልተፈጨው ቁራጭ ምንም ሳያደርግ ያልፋል። ለአንዳንዱ ግን አያልፍም።

«ግሉተን አይስማማኝም» ማለትና ሴሊያክ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ግራ መጋባቱም ከዚህ ይጀምራል።

ሴሊያክ የሰውነት መከላከያ ግሉተንን ሲያይ ተሳስቶ የራሱን ትንሹ አንጀት የሚያጠቃበት በሽታ ነው። የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ እንደ ምንጣፍ ፀጉር በቆሙ ጥቃቅን ጣቶች የተሸፈነ ነው፤ ከምግብ የሚጠቅመንን የሚመጥጡት እነሱ ናቸው። በሴሊያክ ጊዜ እነዚህ ጣቶች እየተላጩ ይሄዳሉ። በዓለም ላይ በግምት ከ100 ሰው አንዱ ይህ ችግር አለበት፤ ብዙዎቹም አያውቁትም። ለምን ቢባል፣ ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት የግድ አይደሉም። እህቴ ሆዷን አሟት አያውቅም። ደም ማነስ ብቻ ነበረባት። ሦስት ዓመት ሙሉ የብረት እንክብል ዋጠች፤ አንጀቷ ብረቱን ካልመጠጠው ምን ዋጋ አለው? ሌላው ሰው ላይ ደግሞ የአጥንት መሳሳት፣ የአፍ ቁስል፣ ልጅ አለመፅነስ፣ ወይም ክርንና ጉልበት ላይ የሚወጣ በጣም የሚያሳክክ ሽፍታ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ጥፋተኛው ስንዴ መሆኑ የታወቀበት ታሪክ አሳዛኝ ነው። ኔዘርላንድ ውስጥ ቪለም ዲከ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ነበር። ዳቦን ከድሮም ይጠረጥር ነበር። በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው የጦርነት ረሃብ ዳቦ ከገበያ ሲጠፋ ሌላው ሁሉ ሲከሳ ሴሊያክ ያለባቸው ልጆች ተሻላቸው። ዳቦው ሲመለስ በሽታውም ተመለሰ። በ1950 ጥናቱን ጽፎ አቀረበ።

ሁለተኛው የስንዴ አለርጂ ነው። ይህ ፈጣን ነው፤ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይመጣል። ሰውነት ሽፍ ይላል፣ ከንፈር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል። አንዳንዱ ሰው ላይ የሚነሳው ስንዴ በልቶ ስፖርት ሲሠራ ብቻ ነው። ትንፋሽ ካጠረ «ትንሽ ልጠብቅ» አይባልም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሦስተኛው ሴሊያክም አለርጂም ሳይኖር ስንዴ ሲበላ ሆድ መነፋት፣ ድካም፣ ራስ ምታት የሚመጣበት ነው። ስሙ የግሉተን አለመስማማት ይባላል። የሚያረጋግጠው የደም ምርመራ የለም። ሌሎቹ እንደሌሉ ከታወቀ በኋላ በምግብ ሙከራ ነው የሚደረስበት። «ምርመራው ንጹሕ ነው» ስለተባለ ብቻ ሰውየው እያስመሰለ ነው ማለት ግን ጭካኔ ነው። ሕመሙ እውነት ነው። ጥያቄው ያመጣው ማነው የሚለው ነው።

ናን ስበላ ሆዴ ይነፋል። ግሉተን ነው ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። እስቲ ተጠርጣሪዎቹን በተራ እንያቸው።

የመጀመሪያው ፍሩክታን ነው። ፕሮቲን አይደለም፤ ስንዴ ውስጥ ያለ የካርቦሃይድሬት ዓይነት ነው። ትንሹ አንጀት አይፈጨውም፤ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፣ ጋዝ ይፈጠራል። በ2018 የታተመ አንድ የኖርዌይ ጥናት 59 ሰዎችን ወሰደ። ሁሉም ሴሊያክ የሌለባቸው፣ ግን ግሉተን አይስማማንም ብለው ያቆሙ ነበሩ። አንድ ሳምንት ግሉተን ያለበት፣ አንድ ሳምንት ፍሩክታን ያለበት፣ አንድ ሳምንት ሁለቱም የሌሉበት ብስኩት መሰል ነገር ተሰጣቸው፤ የቱ የቱ እንደሆነ አልተነገራቸውም። በአማካይ ከሁሉም የባሰ ያመማቸው ፍሩክታን የበሉበት ሳምንት ነበር። ግሉተኑ ከባዶው ብዙም አልተለየም።

ይህን ካወቃችሁ በኋላ ናኑን እንደገና እዩት። ነጭ ሽንኩርት የተቀባ ናን ነው? ነጭ ሽንኩርት በፍሩክታን የታጨቀ ነው። የምታጠቅሱበት ካሪስ? መሠረቱ ብዙ ጊዜ የተቁላላ ቀይ ሽንኩርት ነው፤ እሱም እንዲሁ። ስንዴው፣ ነጭ ሽንኩርቱና ቀይ ሽንኩርቱ አንድ ሆድ ውስጥ ገብተው ግሉተን ብቻውን ይከሰሳል።

እርጎና ወተትም አሉ። የወተት ስኳር የማይስማማው ሰው በትንሹም ሊነፋ ይችላል፤ ምንም እንኳ እርጎ ውስጥ ያለው ከወተቱ ቢቀንስም። ቅቤውና ክሬሙ ደግሞ ምግቡን ጨጓራ ውስጥ ያቆዩታል። መጠኑስ? ሁለት ናን፣ አንድ ሳህን ሩዝና ለስላሳ ጠጥቶ «ሆዴ ለምን ተነፋ» ማለት ትንሽ ያስቃል። እኔም ብዬው አውቃለሁ።

ሴሊያክና አለርጂ እንደሌለባችሁ ከተረጋገጠ በኋላ ነገሩን መለየት ትችላላችሁ። አንድ ቀን ሩዝ ከብዙ ነጭ ሽንኩርት ጋር ብሉ፤ ስንዴ አይኑር። ሌላ ቀን በተፈጥሮ እርሾ ለረጅም ሰዓት የቦካ የስንዴ ዳቦ ብሉ፤ ሽንኩርት አይኑር። ረጅም ቡኮ ብዙውን ፍሩክታን ይበላዋል፣ ግሉተኑ ግን በአብዛኛው ይቀራል። ሩዙ ነፍቷችሁ ዳቦው ዝም ካለ፣ ግሉተንን በነፃ ማሰናበት ትችላላችሁ። በሁለቱ መካከል ጥቂት ቀናት ይለፉ፤ የበላችሁትንም ጻፉት። ትዝታ ይዋሻል።

ምርመራ ከማድረጌ በፊት ግሉተን ላቁም?

አታቁሙ! ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

የመጀመሪያው ምርመራ ደም ነው። ቲቲጂ አይጂኤ የሚባል፣ የሰውነት መከላከያው በራሱ ላይ የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ይፈልጋል። ግሉተን ካቆማችሁ ይህ ነገር ከደም ውስጥ ቀስ እያለ ይጠፋል፣ አንጀቱም እየዳነ ይሄዳል። ስለዚህ በሽታው እያለ ምርመራው «የለም» ሊል ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፦ ሁለት ወር አቁሞ፣ ተሽሎት፣ ከዚያ ሊመረመር ይሄዳል።

አብሮ መታየት ያለበት አጠቃላይ የአይጂኤ (የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት ነው) መጠን ነው። ሴሊያክ ካለባቸው ሰዎች ከ100 ሁለት ሦስቱ አይጂኤ ከነጭራሹ አይሠሩም፤ የእነሱ ውጤት በውሸት ንጹሕ ይሆናል። ደሙ ምልክት ካሳየ፣ በተለይ አዋቂ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ቀጣዩ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ከትንሹ አንጀት ናሙና መውሰድ ነው። የዘረመል ምርመራም አለ፤ እሱ ግን የሚጠቅመው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ዲኪው2 እና ዲኪው8 የሚባሉት ዘረመሎች ከሌሏችሁ ሴሊያክ የመሆን ዕድላችሁ እጅግ ጠባብ ነው። ቢኖሯችሁም ግን በሽታው አለባችሁ ማለት አይደለም፤ ከሕዝቡ ሲሶ ያህሉ ይዟቸው ይኖራል፣ አብዛኛውም አይታመምም።

አስቀድማችሁ አቁማችሁ ከሆነ ሐኪም «ተመልሰህ ብላ» ሊል ይችላል፤ አንዳንዱ መመሪያ በየቀኑ ቢያንስ ለ6 ሳምንት ይላል። በራሳችሁ አትጀምሩት። እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ ሴሊያክ ካለበት፣ ምንም ባያማችሁም ተመርመሩ። እኔ ያደረግሁት በእህቴ ምክንያት ነው።

ሮቲ፣ ያልተፈተገ ስንዴ ወይም ስፔልት ብቀይርስ?

ሁሉም ስንዴ ነው። ሮቲና ቻፓቲ የሚጋገሩበት አታ የሚባለው ዱቄት ያልተፈተገ ስንዴ ነው፤ ለአንጀት እንቅስቃሴ ጥሩ ነው፣ ለሴሊያክ ግን አንድ ነው። ስፔልት፣ ካሙት፣ ሴሞሊና፣ ዱረም የስንዴ ዘመዶች ሳይሆኑ ስንዴዎች ናቸው።

የታንዱሩ ሙቀት ግሉተኑን አያቃጥለውም?

አያጠፋውም። ታንዱር በጣም ይግላል፤ 400 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል። ሙቀት ተህዋስያንን ይገድላል፤ ግሉተን ግን ነፍስ ያለው ነገር አይደለም። ቅርፁ ይለወጣል፣ ጉዳት የሚያደርሱት ቁራጮች እዚያው ናቸው።

ትንሽ ቁራሽ ብቻ ብቀምስ?

ግሉተን አይስማማኝም ለሚል ሰው ይቻል ይሆናል፤ ልኩን ራሱ ያገኘዋል። ለሴሊያክ ግን አይሆንም። አሁን ወደዚያ 5 ግራም እንመለስ። ብዙ ባለሙያዎች ሴሊያክ ላለበት አብዛኛው ሰው በቀን እስከ 10 ሚሊግራም ድረስ ጉዳት አያደርስም ይላሉ። 5 ግራም ማለት 5,000 ሚሊግራም ነው። አንዱን ናን 500 ቦታ ብትቆራርሱት፣ ያቺ አንዷ ፍርፋሪ የቀኑን ልክ ትሞላለች። ሸሚዝ ላይ የምትወድቅ ፍርፋሪ ታክላለች።

ስላላመማችሁ አልጎዳችሁም ማለትም አይደለም። አንጀት ድምፅ ሳያሰማ ይላጫል። ግሉተን ሲቆም ሕመሙ በሳምንታት ውስጥ ሊቀል ይችላል፤ አዋቂ ላይ ግድግዳው እስኪያገግም ግን ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል።

ህንድ ምግብ ቤት ሄጄ ናኑን ብተወው፣ ሌላውን መብላት እችላለሁ?

ብዙው ምግብ በተፈጥሮው ግሉተን የለውም፤ ሩዝ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ አትክልት፣ ሥጋ። ለዚህም ነው ሰው ተዘናግቶ የሚገባው።

መጀመሪያ ታንዱሩን አስቡ። ናን ቀኑን ሙሉ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ዱቄት ይራገፋል፣ የተቃጠለ ሊጥ ይቀራል። በሽቦ ተሰክቶ የሚጠበሰው ዶሮ የሚገባው እዚያው ውስጥ ነው። ዶሮው ግሉተን የለውም፣ ቤቱ ግን አለው።

ቀጥሎ ሂንግ። አሳፌቲዳም ይባላል። ከአንድ ተክል ሥር የሚወጣ፣ ሽታው የሚከረፋ ሙጫ ሲሆን ጠብታ ታህል ወጡ ውስጥ ይጨመራል። ንጹሑ ሙጫ ኃይለኛና ለመፍጨት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ በዱቄት መልክ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከስንዴ ዱቄት ጋር የተቀላቀለ ነው። በሩዝ ዱቄት የተሠራም አለ። ስለዚህ ንጹሕ ምስር የሚመስለው ዳል ስንዴ ሊኖረው ይችላል። አብሳዩ ራሱ ላያስታውሰው ይችላል፤ ሰው ቅመምን ዱቄት ነው ብሎ አያስብም።

ከዚያ የመጥበሻ ዘይት። ፓኮራ የሽምብራ ዱቄት ነው፣ ፓፓድም በብዛት የጥራጥሬ ነው፤ ሳምቡሳው የተጠበሰበት ዘይት ውስጥ ከገቡ ግን አበቃ። ዶሳ የሚባለው ስስ ቂጣ ከሩዝና ከጥራጥሬ ስለሚሠራ ጥሩ አማራጭ ነው። ራቫ ዶሳ የሚባለው ግን ሴሞሊና ነው፤ እሱን እለፉት።

«ግሉተን አለው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ብዙ ሰው ቃሉን ሰምቶት አያውቅም፣ እንዳያሳፍራችሁም «የለውም» ይላል። ይልቅ «ዱቄት ገብቶበታል? የምን ዱቄት? ሂንግ አለው? ዘይቱ ለብቻ ነው?» በሉ። ቢቻል ወጥ ቤት ያለውን ሰው አግኙ።

ከግሉተን ነፃ የሆነ ናን ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል። እንደ ስንዴው አይለጠጥም፤ እሱን ካልጠበቃችሁ ትወዱታላችሁ። ዘዴው የግሉተኑን ድር የሚተካ ነገር ማግኘት ነው። እኛ ቤት ያሸነፈው ሲሊየም የሚባል ተክል የተፈጨ የዘር ገለባ ነው፤ ውሃ ሲነካው እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፣ ሊጡንም አያይዞ ይይዛል።

አንድ ኩባያ የላመ የሩዝ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ የታፒዮካ ስታርች፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሲሊየም፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ጨው ደባልቁ። ሦስት አራተኛ ኩባያ ወፍራም እርጎ፣ አንድ ማንኪያ ዘይት፣ ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ጨምሩ። መጀመሪያ ቀጭን ይመስላል። ዱቄት አትጨምሩበት! 20 ደቂቃ ተዉት፤ ሲሊየሙ ውሃውን ይጠጣና ይጠነክራል። እኔ የመጀመሪያውን ጊዜ መታገሥ አቅቶኝ ዱቄት ጨመርኩበት፣ የወጣው ነገር ጫማ ሊጠገንበት ይችል ነበር።

ማሸት አያስፈልግም፤ የሚጎለብት ግሉተን የለም። አራት ቦታ ከፍላችሁ፣ ዘይት በነካ እጅ ወረቀት ላይ ጠፍጥፉት። በደንብ የጋለ ወፍራም የብረት መጥበሻ ላይ አድርጋችሁ ክደኑት፤ እንፋሎቱ ነው የሚያሳብጠው። በያንዳንዱ ጎን ሁለት ሦስት ደቂቃ። ከእሳት እንደወጣ ውስጡ ይሙለጨለጫል፣ ትንሽ ሲተነፍስ ይስተካከላል። በዚያው ቀን ብሉት፤ ያደረ እንደሆነ ውሃ ረጭታችሁ አሙቁት።

የሩዙ ዱቄት ስንዴ በሚፈጭበት ወፍጮ ተፈጭቶ ከሆነ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። የእንጨት ማንኪያና የዳቦ መጥበሻ ማሽንም ለብቻ ይሁኑ።

ማሸጊያው ላይ «ስንዴ የለውም» ይላል። ይበቃል?

አይበቃም፤ ገብስ፣ የገብስ ብቅል ወይም ራይ ሊኖረው ይችላል። የምትፈልጉት ጽሑፍ «ከግሉተን ነፃ» የሚለው ነው። በዓለም አቀፉ የምግብ መመዘኛ በኮዴክስ መሠረት ይህ ማለት በአንድ ኪሎ ከ20 ሚሊግራም የማይበልጥ ግሉተን ነው።

ምንም አያመኝም። ለጤና ብዬ ግሉተን ባቆምስ?

መብታችሁ ነው፤ ጥቅሙን ግን አላየሁትም። ከግሉተን ነፃ ተብለው የሚሸጡ ዳቦዎች ብዙ ጊዜ ቃጫቸው (ፋይበራቸው)፣ ብረታቸውና ቢ ቪታሚናቸው ያነሰ፣ ዋጋቸው የከበደ ነው። ናን ትቶ የቀለለው ሰው ካለ፣ ምናልባት የቀለለው ከናኑ ጋር የነበረውን ቅቤ ስለተወ ይሆናል።

ናን ከመብላት በፊት የሚዋጥ እንክብል አለ ይባላል። እውነት ነው?

ግሉተን ይፈጫሉ የሚባሉ የኢንዛይም እንክብሎች ይሸጣሉ። አንዳንዶቹ ጨጓራ ውስጥ የተወሰነውን ይቆራርጣሉ። ሴሊያክ ያለበትን ሰው ናን አብልቶ በሰላም የሚያሳድር ግን እስካሁን አልተረጋገጠም። እህቴ ተስፋ አድርጋ አንድ ጠርሙስ ገዝታ ነበር። ቤት ገብታ ወረቀቱን ስትዘረጋው፣ ታች በትንንሽ ፊደል «ሴሊያክ ላለባቸው ሰዎች አይደለም» ይላል።